የዝናሙ ዜማ ወራሽ የለውም

ሁሉን ባስገኘና ሁሉን ወደ ራሱ በሚጠራ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ፥ በአንዱ አምላክ ስም።

እኔ መሪጌታ አስናቀው ወርቅነህ፥ በቦረና ወረዳ የመካነ ሰላም ከተማ ነዋሪ፥ ዛሬ ሰኞ ኅዳር ፲፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓመተ ምሕረት፥ ጾመ ነቢያት በገባበት ዕለት፥ በገዛ ቤቴ በመደቤ ላይ ተቀምጬ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። ሳንባዬ ደክሟል፤ አንዲቱን ሃሌ ሉያ እንኳ በአንድ ትንፋሽ አያደርሰኝም። አእምሮዬ ግን አብሮኝ ነው። ማረጋገጫ የሚሻ ቢኖር፥ ነፍስ አባቴ ቄስ ገበየሁ ዛሬ ጧት ከአጠገቤ ሆነው ሲያዜሙ አንድ ምልክት ስተው ከተኛሁበት ያረምኋቸው መሆኔን ራሳቸው ይመስክሩ። («እውነት ነው፥ አርመውኛል፤ ግን ያን ያህል አልሳትሁም» ብለዋል። ይኸም ይጻፍ።)

ቃሌን የሚጽፈው በከተማችን ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደረው አቶ አሻግሬ ነው። የጠራኋቸው ምስክሮች አራት ናቸው፤ ቄስ ገበየሁ፥ ነጋዴው አቶ አብዱራህማን፥ ጎረቤቴ ወይዘሮ ብዙዬ፥ እንዲሁም የወዳጄ የሟቹ የሼህ አሕመድኑር ባለቤት ወይዘሮ ሀጀራ። ልጆቼ ጋሹና ስመኝ ከፊቴ ተቀምጠዋል። የሀጀራ የልጅ ልጅ ሁዜይፋም አለ፤ «ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ መደብ አይቀመጥም» ብሎ ከጋሹ ርቆ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የክሱን ነገር ከዚህ በታች እናገራለሁ፤ በዋናነት የጠራኋችሁም ስለ እርሱ ነው። አስቀድሜ ግን ቀላሉን ልጨርስ።

ስለ ሥጋዬ። ባረፍሁ ጊዜ በማርያም ቅጽር፥ ከባለቤቴ ከየሺእመቤት መቃብር በስተግራ ቅበሩኝ። ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሚከብደኝ፥ እርሷ ነገሯን እንዳላጣው ዕድሜዋን ሙሉ በስተቀኜ ተቀመጠች። አሁንም በስተቀኜ ትሁን። በፍትሐቴ ላይ ድምፅ ማጉያ አይተከል። እግዚአብሔር ሹክሹክታም ይሰማል፤ ከሰው ያልሰማ ቀርቦ ይቁም።

ስለ ቤቴ። የምኖርበትን ቤት ከነግቢው ለልጄ ለስመኝ ሰጥቻለሁ። በጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የዚህን ቤት ቆርቆሮ ያስለወጠች እርሷ ናት። በተመለሰች ጊዜ አንዳንድ ሰዎች «ለራስሽስ ምን ይዘሽ መጣሽ?» እያሉ ሲጠይቋት ሰምቻለሁ። እኔ ግን ዝናም በመጣ ቁጥር ቀና ብዬ ጣራውን አያለሁ። በምሥራቅ በኩል ያለችው ክፍል ወንድሟ ሲመጣ የሚያድርባት ናትና ተከራይ አይግባባት።

ስለ ባሕር ዛፉና ስለ ዳዊቴ። ከግቢው ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ለልጄ ለጋሹ ሰጥቻለሁ። ዳዊቴም የእርሱ ነው። በክዳኑ ቁርበት ላይ የጥርስ ምልክት ታገኙበታላችሁ፤ ጋሹ በሕፃንነቱ ንባብ ሲማር ርቦት የነከሰው ነው። እናቱ አይታ «ይህ ልጅ ቃሉን በሌላ መንገድ ሊያስገባው ነው» ብላ ሳቀች። ምልክቱን ማንም እንዳያስጠግነው።

የዜማ መጻሕፍቴን፥ መቋሚያዬንና ጸናጽሌን ለአብነት ትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ። በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፈው ለጎብኚ የሚታዩ ከሆነ ስጦታዬ ይፍረስ። እስኪያልቁ ድረስ ይያዙ፤ ሲያልቁም ሌላ ይጻፍ።

አሁን ወደ ጠራኋችሁ ነገር ደረስሁ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰማዩ በተዘጋ ጊዜ፥ ክርስቲያኑ ለምሕላ፥ ሙስሊሙ ለዱዓ ወደ አንድ ሜዳ ወጣን። እነርሱ በምሥራቁ፥ እኛ በምዕራቡ ዳር ቆምን። ጎረቤቴ ሼህ አሕመድኑር መንዙማውን ሲያነሣ፥ የእኛ ሰዎች ሳያውቁት አንገታቸውን ወደዚያ አዘነበሉ። እንዲህ ይል ነበር፦

ለኛ እንኳ ባይሆን፥ ያ ረቢ ለከብቱ፤
ራሕመትህ ይውረድ፥ ይረስርስ መሬቱ።

በማግሥቱ ከደጁ ሄጄ፥ «አሕመድኑር፥ ያን ዜማ አውሰኝ፤ ለእመቤታችን ቃል ላበጅለት» አልሁት።

ሳቀብኝ። «አንተ ሰው፥ እሳት ልትጭር መጥተህ ከደጅ ቆመህ ‘አውሱኝ’ ትላለህ እንዴ? ገል ይዘህ ግባ!»

ለዘመኑ ልጆች ላስረዳ። ያን ጊዜ በአንድ ቤት እሳት ሲጠፋ፥ በሸክላ ስባሪ፥ ማለት በገል፥ ከጎረቤት ፍም ይጫር ነበር። የሰጠው ሰው እሳት አይጎድልበትም፤ የወሰደውም አይመልስም። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ በጫርኸው ፍም የሰጠህን ሰው ቤት አታቃጥልም። አሕመድኑርም ይህንኑ ነገረኝ፤ «ቃሉን እንደ ወደድህ አድርገው። ብቻ እኔ ቆሜ ልሰማው የማልችለውን ነገር አታስገባበት» አለኝ። እኔም ይህን ቃል አበጀሁ፦

ሰማዩ ነሐስ ሆነ፥ ምድሩም ሆነ ብረት፤
አንቺው አማልጅና፥ ትውረድልን ምሕረት።

ነሐሱንና ብረቱን እንኳ ከቅዱስ መጽሐፍ ነው የለቀምሁት። ከሰው ሁሉ አስቀድሜ ያሰማሁት ለአሕመድኑር ነው። እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማና፥ «‘ትውረድልን’ ላይ ጎተት አድርገው፤ ዝናም እየለመንህ አትቸኩል» ብሎ አረመኝ። እስከ ዛሬ በዚያች ቃል ላይ ጎተት እናደርጋለን። መዝሙሩ ወደ ቅኔ ማሕሌት ገብቶ አያውቅም፤ ለሜዳ ተሠርቶ በሜዳ ኖረ። ከየት እንደ መጣም ከዚህ እስከ ከላላ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል።

ልጄ ጋሹ በአዲስ አበባ መዝሙር አስቀድቶ የሚያሳትም ቤት አለው። ይህንንም መዝሙር አሳተመው፤ በዚህ ደስ ብሎኛል። ዳሩ ግን ለቤቴ ካርታ ጉዳይ በሰጠሁት ውክልና፥ «የግጥምና የዜማ ባለቤት መሪጌታ አስናቀው፤ ዜማው የራሳቸው ወጥ ፈጠራ» ብሎ በቅጅ መብት አስመዘገበ። ልጄ ይህን ያደረገው ሊያከብረኝ ነው፤ በዚህ አልጠረጥረውም። ግን ስለ አንድ ዜመኛ «ዜማው የራሱ ነው» ማለት በእኛ በዜማ ቤት ሰዎች ዘንድ ስድብ ነው። ትርጉሙ «መምህር አልነበረውም» ማለት ነው። በድጓ ትምህርታችን አንዱ ቃል በሌላው ቃል ዜማ ልክ ይመራል፤ ከቅዱስ ያሬድ ወዲህ ያለነው ተቀባዮች ነን። በቅኔ ቤት ግን ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ ቃሉ በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት፤ የሰውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጉባኤ መካከል ያፍራል። እኔ በሁለቱም ቤት አደግሁ። ዜማ ከሰው ተቀበል፤ ቃል ግን ከራስህ አውጣ ተባልሁ። ልጄ ከተማ ገብቶ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፋቸው።

ሁዜይፋ ባጃጅ ይነዳል፤ የሠርግ ሰሞን ደግሞ በየዳሱ እየተጠራ ይዘፍናል፥ ያስቃል። ጧት ጧት ጉልበቴን ስሞ «አባባ፥ እንዴት አደሩ?» ሳይል በደጄ አያልፍም፤ እሑድ እሑድም እስከ ማርያም በር የሚያደርሰኝ እርሱ ነው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ በዝናሙ ዜማ ቀልድ ሠርቶ በስልክ ለቀቀው፦

ስልኬ ነሐስ ሆነ፥ ኔትወርኩም ብረት፤
ኮረብታ ወጥቼ፥ «ሃሎ» አልኩ በጉልበት።

ጅዳና ቤሩት ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ኮረብታ እየወጣ የሚጮኽበትን ነገር ነውና ከተማው ሳቀ። ስመኝ ከስልኳ አሰማችኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ይህ ነበረበት፦

ከተማ የገባው፥ የመሪጌታው ልጅ፤
አባቱን የሚስመው፥ በስልክ ላይ ነው እንጅ።

ጋሹ ይህን ሰምቶ በእኔ ስም ከሰሰ። ቀልዱን ከስልክ ላይ አስነሣው፤ ለሁዜይፋም መጥሪያ መጣለት። እኔም ነገሩን የሰማሁት መጥሪያው ከመጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከልጄ ጋር በስልክ ተነጋገርን፤ ቃላችን እንዳለ ይጻፍ።

«አባቴ፥ በእርስዎ መዝሙር ነው እኮ የቀለደው!»

«የእመቤታችንን ስም ነክቷል?»

«አልነካም።»

«የእኔንስ ቃል እንዳለ ወስዷል?»

«ነሐስና ብረቱን ወስዷል።»

«እርሱን እኔም ከመጽሐፍ ወስጃለሁ። ታዲያ ማንን ነካ?»



ክሱን እንዲያነሣው ነገርሁት። «እርስዎ አይጨነቁ፤ ይህ መብት ከእርስዎም በኋላ ለወራሾችዎ አምሳ ዓመት ይጸናል» ብሎ አጽናናኝ። ሌሊቱን ይህ ቃል አላስተኛኝም። ከሞትሁ በኋላ አምሳ ዓመት ስከስ ልኖር ነው? ሌላው ሙት በየዓመቱ ዝክር ሲዘከርለት ለእኔ ቀጠሮ ሊያዝልኝ ነው? ያውም በአሕመድኑር ቤት ላይ!

መጥሪያው ከመጣ ወዲህ በአጥሩ ማዶ ድምፅ ጠፋ። ሁዜይፋን ለጥር ሠርግ የተነጋገሩት ሰዎች ፈርተው ሌላ ዘፋኝ ፈለጉ። እኔን የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ወይዘሮ ሀጀራ ከባሏ ሞት ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ያችን መንዙማ ትል ነበር፤ እኔም ከመደቤ ሆኜ በደኅናው ጆሮዬ እሰማት ነበር። ተወች። ለምን እንደ ተወች በምስክሮች ፊት እንድትናገር ጠየቅኋት።

«ፈራሁዋ፥ መሪጌታ!» አለች። «ልጁ በዚያ ዜማ ተከሰሰ አሉኝ። እኔስ በእሱ አይደል ረቢን የምለምነው? ባሌ ያለውን ልበል ባልሁ ቁጥር ወላሂ አዲስ አበባ ደውዬ ጋሹን ላስፈቅድ ነው?»

ጋሹ «እትዬ ሀጀራ፥ እርስዎን ማን ነካዎት? እርስዎን እኮ አላልሁም» አላት።

«ወረቀቱ ይለየኛል?» አለችው። አሻግሬ፥ ወረቀቱ ይለያት እንደ ሆነ ጠየቅሁህ፤ እንደማይለያት ነገርኸኝ። ጻፈው።

ስለዚህ «ዜማውን ወደ ባለቤቱ፥ ወደ አሕመድኑር ቤት መልሻለሁ» ብዬ አስጽፌ ነበር። አሻግሬ ብዕሩን አቁሞ፥ «መሪጌታ፥ እንዲህ ከተጻፈ ነገ ደግሞ ሁዜይፋ የእርስዎን መዝሙር ሊያስቆም ይችላል» አለኝ።

አቶ አብዱራህማንም «በሬውን ለቀው ላሚቱን ሊያስሩ ነው» ብሎ ሳቀ።

ያን ጊዜ ሀጀራ ተቆጣች። «እኛስ የማንን ነው የምንቀበለው? አሕመድኑር ከሆዱ አውጥቶታል አላችሁ? ከከላላ ገበያ ሲመለስ በቅሎ የሚነዳ ሰውዬ ሲያንጎራጉር ሰምቶ ነው ያመጣው። ሰውዬው ‘የማን ነው?’ ቢባል ‘የበቅሎዬ’ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ጋሹም ሳቀ። የቀደመው ዐረፍተ ነገር ይሰረዝ፤ በስረዙም ላይ አራቱ ምስክሮች ይፈርሙበት። በእርሱ ፈንታ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

የዝናሙ ዜማ የእኔ አልነበረም፤ ስለዚህ ለማንም አላወርሰውም። በስሜ የተመዘገበው ምዝገባ ስለ ዜማው የተናገረው እውነት አይደለምና እንዲታረም አዝዣለሁ። ለጋሹ የሰጠሁትን ውክልና ሽሬዋለሁ። በሁዜይፋ ላይ በስሜ የቀረበውን ክስ ዛሬ ትቼዋለሁ፤ ከሞትሁም በኋላ ወራሾቼ እንዳያነሡት ከልክያለሁ። ቃሉ የእኔ ነው፤ የወደደ ሁሉ ይዘምረው፥ ያሳትመው። ጋሹ ያሳተመውም እንዳለ ይኑር፤ በሽፋኑ ላይ ግን «ዜማው ከሼህ አሕመድኑር፥ እርሱም ከመንገደኛ» ተብሎ ይጻፍ። በዚህ ዜማ መሳቅ የወደደም ይሳቅ። ብቻ የእሳት ሕግ ይጠበቅ፤ በአንዱ ቤት ፍም የሌላው እምነት አይቃጠል።

ሁዜይፋ ሆይ፥ ለአንተም ቃል አለኝ። ዜማውን አልሰረቅህም፤ የተናገርኸውም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ቀልድህን በሌለ ሰው ላይ ተናገርህ። ሊመልስልህ በማይችል ሰው ላይ የሚቀልድ ዘፋኝ በሩን ዘግቶ ያሸነፈ ነው። በእኛ ቅኔ ቤት በቃል የተወጋ ሰው በቃል ይመልስ ነበር፤ ጉባኤውም ይፈርዳል። ዳኛ ቤት የሄደ አልነበረም።

ጋሹ ልጄ፥ አንተንም እንዲህ እልሃለሁ። የቆሰልኸው በዜማው አይደለም። ሕጉ ስለ ዜማው ይናገራል፤ ቁስልህ ግን ከሁለተኛው ግጥም ላይ ነው። እኔ አልወቅስህም። በስልክ ስትስመኝ ለስልኩ ጉንጬን የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ አልሰለቸኝም። እንግዲህ በተዝካሬ ቀን፥ በእነዚሁ ሰዎች ፊት፥ በዚሁ ዜማ መልስህን ስጠው፤ ሁዜይፋም ተቀምጦ ይስማ። ይህ ትእዛዜ ነው።

ይህን ባስጻፍሁ ጊዜ ጋሹ ተነሣ። «አባቴ፥ እስከ ተዝካር ለምን ያቆዩኛል?» አለኝ። ጉሮሮውን ጠርጎ፥ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማሁትን ድምፅ አውጥቶ፥ «ትውረድልን» በምንልበት ቦታ ላይ ጎተት እያደረገ እንዲህ አለ፦

እውነት ነው በስልክ፥ አባቴን የሳምሁት፤
ለጉልበታቸውማ፥ አንተን ነው የላክሁት።

ወይዘሮ ብዙዬ እልል አለች። ሁዜይፋ ከበርጩማው ብድግ ብሎ «ኧረ መታኸኝ ወላሂ! ጋሼ፥ እኔኮ ተላላኪ መሆኔን ዛሬ ነው ያወቅሁት!» አለ። ጋሹም «ደመወዝህን ከዳሱ ተቀበል፤ የሠርጉን ሰዎች እኔ አነጋግራቸዋለሁ» አለው። ከዚያም ልጄ ከፊቴ ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመ። የሆነውን ሁሉ ጻፍ፥ አሻግሬ፤ እንባዬን ግን ተወው፤ ሳንባዬ ነው።

ጉባኤው እንዲፈርድ ጠየቅሁ። ቄስ ገበየሁ «ቤት መትቷል፤ የዜማ ምልክትም አልሳተም» ብለዋል፤ ጧት ያረምኋቸውን እየመለሱልኝ ነው። አቶ አብዱራህማን «አንድ ለአንድ» ብሏል። እኔም በዚህ ረክቻለሁ። የተዝካሩ ትእዛዝ ተፈጽሟልና በዚያ ቀን ብሉ፥ ጠጡ፤ የሙስሊሞቹም መብል እንደ ልማዳችን ለብቻው ይሰናዳ።

ከዚህ በፊት በቃልም ሆነ በጽሑፍ የሰጠሁት ሌላ ኑዛዜ የለም፤ ቢገኝም የእኔ አይደለም። በሕይወቴ የበደልሁት ሰው ቢኖር ይቅር ይበለኝ፤ የበደለኝንም ትቼለታለሁ። ልጆቼ፥ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ኮረብታ ውጡ፥ ኮረብታው ካልበቃም ኑ።

ይህ ቃል በአራቱ ምስክሮችና በእኔ ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ፥ የእኔ ፈቃድ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ መሪጌታ አስናቀው ወርቅነህ (ፊርማ)

እኛም ተናዛዡ በሙሉ አእምሮአቸው ሆነው፥ ማንም ሳያስገድዳቸው ሲናገሩ ሰምተን፥ ጽሑፉም በፊታችን ሲነበብ አዳምጠን፥ በስረዙም ላይ በመጨረሻውም ላይ ፈርመናል።

ቄስ ገበየሁ (ፊርማ)
አቶ አብዱራህማን (ፊርማ)
ወይዘሮ ብዙዬ (ፊርማ)
ወይዘሮ ሀጀራ (የጣት አሻራ)

ጸሐፊው አሻግሬ፥ ከፊርማው በኋላ በተናዛዡ ትእዛዝ የተጨመረ፦ ወይዘሮ ሀጀራ አሻራዋን ካኖረች በኋላ ቀለሙን ከጣቷ ላይ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፥ የባለቤቷን መንዙማ ከመጀመሪያው አነሣች። ተናዛዡ ደኅናውን ጆሮአቸውን ወደ እርሷ አዙረው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ይኸም ይግባ» አሉኝ፤ «ማንንም አላስፈቀደችም ብለህ ጻፍ።»

ማንንም አላስፈቀደችም።